የቸር ነጋዴ መታሰቢያ

በንግድ ከብሮ፣ ካተረፈው ለተቸገረ አካፍሎ፣ የልጅ ልጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያሳደገ ሰው ሲሞት የሚያስታውሱት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሀብቱን የሚወርሱ አሉ፤ ውለታው ያለባቸው አሉ፤ ስሙን ከአባታቸው ስም ኋላ የሚጽፉ የልጅ ልጆችም አሉ። ሁሉም ሊያስቡት ይፈልጋሉ። ይህ ማሰብ ግን ለማን ነው? ሟቹ የሚያገኘው ነገር አለ ወይስ የሚጽናኑት ቋሚዎቹ ብቻ ናቸው? ሟቹ ባለጸጋ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ ሊታሰብለት የሚገባው የሰጠው ብቻ ነው ወይስ ገንዘቡን ያገኘበት መንገድም ጭምር?

አሪስቶትል «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል ይህንኑ አንስቷል። መነሻው የአቴናው ሕግ አውጪ ሶሎን ሰውን ከመሞቱ በፊት ዕድለኛ ማለት እንደማይገባ የተናገረው ነው። አሪስቶትል ጥያቄውን ወደፊት ይገፋዋል፤ ከሞተ በኋላስ? የልጅ ልጆቹ ቢዋረዱ፣ ያቆመው ቤት ቢፈርስ፣ የዚያ ሰው ሕይወት ያማረ ነበር ማለት ይቻላል? የዘሮቹ ክፉና ደግ ሟቹን ጨርሶ አይነካውም ማለት ለወዳጅነት ባዕድ የሆነ አሳብ ነው ብሎ ያምናል፤ ቢነካውም ግን በጥቂቱ እንጂ የተባረከ ኑሮ የኖረውን ሰው ምስኪን እስከማድረግ አይደርስም ይላል። በአራተኛው ክፍል ስለ ቸርነት ሲጽፍ ደግሞ ነጋዴን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለው። ሀብት የወረሰ ሰው ራሱ ለፍቶ ካገኘው ይልቅ እጁ ይፈታል፤ ለፍቶ ያገኘው፣ ወላጅ ልጁን ባለቅኔም ቅኔውን እንደሚወድ፣ የድካሙን ፍሬ ይወዳልና። ይህ ትዝብት እውነት ከሆነ፣ ከባዶ ተነስቶ ሱቅ የከፈተና ካፈራው የሚሰጥ ነጋዴ የሚሰጠው የገዛ ዕድሜውን ነው። መታሰቢያው ከወራሽ ለጋስ መታሰቢያ የሚለየውም በዚህ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሟች የሚታሰብባቸው ቀናት የታወቁ ናቸው፤ ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመትና ሰባት ዓመት። ሦስተኛው ቀን ከጌታ ትንሣኤ ጋር ተያይዞ ይተረጎማል። ጎልቶ የሚታየው አርባው ነው። ፍትሐት ይደረሳል፣ ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ዳስ ይጣላል፤ ካህናትና ደብተራዎች፣ የቆሎ ተማሪዎችና ነዳያን፣ ጎረቤትና ዘመድ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ቤተ እስራኤልም ለሙታናቸው ተዝካር ያወጣሉ፤ ልማዱንም ይዘውት ወደ እስራኤል ሄደዋል። የሥርዓቱ አሳብ ግልጽ ነው። ሟቹ ከእንግዲህ በገዛ እጁ መስጠት ስለማይችል ቤተሰቡ በእሱ ስም ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ የተዝካር ዋና እንግዳ ደጀ ሰላም ላይ የተቀመጠው ነዳይ ነው። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ ቦታው ይገለበጣል፤ የተከበረው ዘመድ ከዳሱ ውስጥ ፍሪዳ ሲቀርብለት ነዳዩ በር ላይ ሆኖ የሚተርፈውን ይጠብቃል። ተዝካር ለማውጣት በሬውን የሸጠ፣ መሬቱን በወለድ አግድ ያስያዘ ገበሬ ታሪክም እንግዳ ነገር አልነበረም። ይህን ያመጣው ይሉኝታ እንጂ ሥርዓቱ አይደለም። በሕይወቱ ደጁን ለድኃ ክፍት ያደረገ ሰው በአርባው ቀን ድኃ በሩ ላይ ከቆመ፣ ያን ቀን የታሰበው ሌላ ሰው ነው።

ጸሎቱና ምጽዋቱ ሟቹን ይጠቅመዋል ወይ በሚለው ላይ አማኞች አይስማሙም። ኦርቶዶክሳዊው ትምህርት ይጠቅመዋል ይላል፤ በክርስቶስ አንድ አካል የሆኑትን ሞት አይለያያቸውምና። በ407 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያረፈው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ ለሙታን መጸለይና መመጽወት ያለ ልክ ከማልቀስ እንደሚበልጥ ደጋግሞ አስተምሯል። ወንጌላውያን አማኞች በበኩላቸው የሰው ዕጣ በሕይወት ሳለ ይወሰናል ብለው ስለሚያምኑ መታሰቢያውን ለእግዚአብሔር ምስጋና፣ ለቋሚ መጽናኛ አድርገው ይይዙታል። በእስልምና ደግሞ በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገበ የታወቀ ሐዲስ አለ፤ ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ከሦስት ነገር በቀር፦ ጥቅሙ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ሰደቃ፣ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሦስቱም ሟቹ በሕይወቱ የጀመራቸው መሆናቸው ነው። ቋሚዎቹ ያንኑ ያስቀጥላሉ እንጂ ያልነበረ ደግነት አይፈጥሩለትም። ልዩነቱ ጥልቅ ቢሆንም በአንድ ነገር ሁሉም ይገናኛሉ፤ በሟች ስም የሚሰጥ ነገር ለተቸገረ ሰው መድረስ አለበት።

ለማያቋርጥ ሰደቃ በሙስሊሞች ዘንድ ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ የዑስማን ኢብኑ ዐፋን ነው። ዑስማን ሀብታም ነጋዴ ነበር፤ በ615 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከባለቤቱ ከነቢዩ ልጅ ከሩቅያ ጋር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ቀዳሚ ሙስሊሞችም አንዱ ነው። ኋላ በመዲና ውኃ በገንዘብ ይሸጥ በነበረ ጊዜ ሩማ የተባለውን ጉድጓድ ገዝቶ ማንም በነጻ እንዲቀዳ አደረገ። ነጋዴ እንደመሆኑ የችግሩን ሥር ያየው በነጋዴ ዓይን ነው። ለተጠማው ሁሉ የውኃ ዋጋ ከማደል ይልቅ ምንጩን ገዝቶ ከገበያ አወጣው።

ቸር ነጋዴና አያት የሆነን ሰው ከነድካሙ የሚያሳየው ግን መጽሐፈ ጦቢት ነው። መጽሐፉ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጠራል። ጳጉሜን 3 ቀን ልጆች ዝናቡን ጠበል ብለው የሚጠመቁበት የቅዱስ ሩፋኤል በዓልም በዚህ መጽሐፍ መንገደኛ መስሎ የተገለጠው መልአክ በዓል ነው። ጦቢት ከንፍታሌም ነገድ ተማርኮ ነነዌ የገባ ሰው ነበር። ለአሦር ንጉሥ ዕቃ ገዢ ሆኖ ወደ ሜዶን እየተመላለሰ ሠራ፤ ከበረም። በራጌስ ከተማ ገባኤል በተባለ ሰው ዘንድ ዐሥር መክሊት ብር በአደራ አስቀመጠ። ለተራበ እንጀራውን፣ ለታረዘ ልብሱን ሰጠ፤ ተገድለው የተጣሉትን ወገኖቹን በስውር ቀበረ። በዚህ የተነሣ ንብረቱ ተወረሰ። በኋላም አንድ ምሽት ሬሳ ቀብሮ ተመልሶ ከግቢው ግድግዳ ሥር ተኝቶ ሳለ የወፍ ኩስ ዓይኑ ላይ ወደቀና ታወረ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ትዕይንት በሙገሳ ንግግሮች ውስጥ የማይገኝ ዓይነት ነው። ሚስቱ ሐና በሰው ሥራ ተቀጥራ እየሸመነች ቤቱን ትይዝ ጀመር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ ሌላ የፍየል ግልገል መረቁላት። ግልገሉ ቤት ገብቶ ሲጮህ ዐይነ ስውሩ ሰማ። ከየት መጣ? የተሰረቀ እንዳይሆን፣ ለባለቤቱ መልሺ አላት። ምርቃት ነው ብትለውም አላመናትም። እሷም ያ ሁሉ ምጽዋትህ የት ደረሰ ብላ አፋጠጠችው። ለባዕድ ሁሉ እጁ የተፈታ ሰው ለገዛ ሚስቱ እምነት ነፈጋት። ጸሐፊው ይህን ቢተወው የጦቢት ስም ባልጎደፈም ነበር፤ ግን አልተወውም። የጦቢት ደግነት ከዚህ በኋላ ይበልጥ የሚታመነው ስለዚህ ነው። ከሞት አልፎ የሚጠቅም መታሰቢያ ሰውየውን ከነስሕተቱ የሚይዝ ነው፤ ፍጹም ተደርጎ የተሳለ አያት ለልጅ ልጁ የሚሰገድለት ይሆናል እንጂ የሚከተለው አይሆንም።

ጦቢት ሞቱን ለምኖ ልጁን ጦብያን ሲመክር የተናገረበት ቅደም ተከተልም ትርጉም አለው። ገና ከመጀመሪያው ያነሣው እናቱን እንዲያከብርና እንዳይተዋት ነው፤ ከግልገሉ ጠብ በኋላ መሆኑን ሲያስቡት የአባትየው ልብ ምን እንደተማረ ይታያል። ከዚያ ስለ ምጽዋት ነገረው፤ ብዙ ያለው ከብዙው፣ ጥቂት ያለው ከጥቂቱ እንዲሰጥ። ቀጥሎም የሠራለትን ሰው ደመወዝ ሳያሳድር እንዲከፍል አዘዘው። ምጽዋትና ደመወዝ በአንድ ምክር ውስጥ መምጣታቸው የነጋዴን ቸርነት ለሚመዝን ሰው ትልቅ ነገር ነው። ለቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ፣ ለመስጊድ ሚናራ የሰጠ ሰው የዘበኛውንና የተሸካሚውን ሒሳብ እያሳደረ ከነበረ፣ ከሰጠው ላይ የሌላ ሰው ድርሻ አለበት።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች በዚህ ነገር ፊት ለፊት ነበር የሚናገሩት። በ397 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያረፈው የሚላኑ ጳጳስ ቅዱስ አምብሮስዮስ በጦቢት ታሪክ ላይ አንድ ሙሉ ሥራ ጽፏል፤ አብዛኛው ክፍሉ አራጣ አበዳሪዎችን የሚገሥጽ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ደግሞ ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ360ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በቀጰዶቅያ ረኀብ በገባ ጊዜ ዋጋ እስኪወደድ እህል በጎተራ የሚያቆዩትን ነጋዴዎች በስብከቱ ተጋፈጠ፤ ጎተራቸውን አስከፈተ። ወዳጁ ጎርጎርዮስ ከሞቱ በኋላ ባደረገው የመታሰቢያ ንግግር ባስልዮስ የተራቡትን ሰብስቦ ሾርባ የተሞሉ ትልልቅ ድስቶች አስቀርቦ እንዳበላቸው ያወሳል። ያ ንግግር እስከ ዛሬ የሚነበበው የሟቹን ማዕረግ ስላገነነ ብቻ አይደለም፤ ድስቱን ስላሳየ ጭምር ነው። እህል ደብቆ ዋጋ ካስወደደ በኋላ ከትርፉ ጥቂቱን ለረኀብተኛ የሚመልስን ነጋዴ ቸር ብሎ ማሰብ ባስልዮስ ካስተማረው ጋር አይሄድም።

አሰጣጡም ይመዘናል። የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ቤን ማይሞን (1138–1204 እ.ኤ.አ.) የምጽዋትን ሕግ ሲያደራጅ ስምንት ደረጃዎች አውጥቷል። ዝቅተኛው ፊትን አኮሳትሮ መስጠት ነው። ከላይ ሁለተኛው ሰጪውም ተቀባዩም የማይተዋወቁበት ነው። የመጨረሻው ከፍታ ግን ብዙ ሰው የሚጠብቀው አይደለም፤ የወደቀውን ሰው በብድር፣ በሽርክና ወይም ሥራ በመስጠት ከልመና ማውጣት። በዚህ ሚዛን ነጋዴ ለመነኩሴ የማይሰጥ ዕድል አለው። ሱቁ ውስጥ ያሠለጠነው ወጣት፣ በዱቤ ዕቃ ያስያዘው ጀማሪ፣ በኪሳራ ጊዜ ሳያዋርድ የታገሠው ባለዕዳ፣ እነዚህ በተዝካሩ ዳስ ውስጥ ካሉት ከማናቸውም በላይ የሟቹ ምስክሮች ናቸው፤ እርዳታው ምጽዋት ስላልመሰለ ግን በሕይወት ታሪኩ ላይ አይጻፉም።

በአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ላይ የቆመ አንድ ነጋዴም እዚህ ሊነሣ ይገባዋል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ዋሕድ የተባለው ወጣት የተማረከ አባቱን ለማስለቀቅ ገንዘብ ፍለጋ ሲወጣ አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ይራራለትና ይሰጠዋል። አባትየው ይፈታል። ዋሕድ ግን አያርፍም፤ ያን ነጋዴ አግኝቶ ውለታውን ሊመልስ እንደገና መንገድ ይወጣና መከራ ላይ ይወድቃል። ታሪኩ ከተቀባዩ ወገን ያለውን ነገር ያሳያል። ስሙን ሳያስይዝ የሚሰጥ ሰው ተቀባዩን ከኀፍረት ያድነዋል፤ የማመስገን ጥማቱን ግን ሊያጠፋለት አይችልም። መታሰቢያ ለቋሚዎች የሚያስፈልገው አንዱም ስለዚህ ነው። በሕይወት ሳለ ሊመሰገን ያልፈቀደ ሰው ሲሞት ቢያንስ አመስጋኞቹ አንድ ላይ የሚቆሙበት ቦታ ያገኛሉ።

የዚያው የሙሴ ቤን ማይሞን የራሱ ሐዘን ስለዚህ ብዙ ይናገራል። ወንድሙ ዳዊት የዕንቁ ነጋዴ ነበር፤ ሙሴ ሳይጨነቅ እንዲያጠና ቤተሰቡን የሚያኖረው እሱ ነበር። ዳዊት በቀይ ባሕር ዳርቻ ከነበረችው ከአይዛብ ወደብ የላከው ደብዳቤ በካይሮ ከተገኙት የጥንት ጽሑፎች መካከል ዛሬም አለ፤ ወደ ሕንድ ሊሳፈር መሆኑን ይገልጽበታል። መርከቡ በሕንድ ውቅያኖስ ሰጠመ። ሙሴ ዓመት ያህል ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። ዓመታት ካለፉ በኋላም ለወዳጁ ሲጽፍ የወንድሙን የእጅ ጽሑፍ ወይም ከመጻሕፍቱ አንዱን ባየ ቁጥር ሐዘኑ እንደሚቀሰቀስ ተናግሯል። ስለ ምጽዋት ያን ሁሉ ደረጃ ያወጣ ሊቅ የነጋዴ ወንድሙን ሲያስብ ልቡን የሚነካው የሰጠው ገንዘብ ልክ ሳይሆን የጽሕፈቱ ቅርጽ ነበር። ከዚያ በኋላ ሙሴ ሕክምናን መተዳደሪያው አደረገ፤ ዳዊት ትቷቸው የሄደው ሚስቱና ትንሽ ልጁም በእሱ እጅ ነበሩ። ነጋዴው የተሸከመውን ሸክም ሊቁ ተረከበ። ከማናቸውም ሐውልት ይልቅ ይህ መታሰቢያ ይባላል።

አያትነት ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። በኢትዮጵያ የሰው ሙሉ ስም ሦስተኛው የአያቱ ነው። መታወቂያ ላይ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ላይ፣ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም ይጠየቃል፤ ወደ አሜሪካና አውሮፓ በሄዱ ብዙ ቤተሰቦች ዘንድ ይኸው ስም የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ ወደ አራተኛው ትውልድ ተሻግሯል። አያቱን አይቶ የማያውቅ ልጅ በየቀኑ ስሙን ይፈርማል። ስሙ ባዶ እንዳይሆን የሚሞላው ግን ትረካ ነው፤ ትረካውንም የሚያውቁት በሕይወት ያሉት አረጋውያን ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ ያዕቆብ ዓይኑ በደከመ ጊዜ የዮሴፍን ልጆች ኤፍሬምንና ምናሴን አቅርቦ ሲባርክ እጆቹን አመሳቅሎ ቀኙን በታናሹ ላይ ጫነ፤ ዮሴፍ ሊያርመው ቢሞክር አውቄዋለሁ ብሎ እንቢ አለ። ያዕቆብ የልጅ ልጆቹን ለይቶ አውቋቸዋል፤ ሀብት ማካፈል ሌላ፣ ለይቶ ማወቅ ሌላ ነው። ጉልበት ስመው ምርቃት የተቀበሉ የልጅ ልጆች ይህን ልዩነት ያውቁታል። ሥራ የበዛበት ነጋዴ ለልጆቹ ያልሰጠውን ጊዜ ለልጅ ልጆቹ ሲሰጥ ማየት በየቤቱ ያለ ነገር ነው፤ ልጆቹ ይህን እያዩ ደስታና ቅሬታ ቢቀላቀልባቸው አይፈረድባቸውም። ቅሬታውም የመታሰቢያው አካል ነው፤ ጦቢትና ሐና በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንዳሉት ሁሉ።

በቀብር ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ ግን ለዚህ ቦታ የለውም። ከአባቱና ከእናቱ የትና መቼ እንደተወለደ ይጀምራል፤ ያቋቋማቸውን ድርጅቶች፣ የልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ቁጥር ይዘረዝራል፤ ደግ፣ ሰው ወዳድና ለሁሉ አባት እንደነበር ተናግሮ ያበቃል። ስሙ ቢቀየር ለሌላው ሟች ይነበባል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የሚለው ብሂል ሐዘንተኛን ከጭካኔ ይጠብቃል፤ ሐሰት እንዲነገር ግን አይፈቅድም። ለቸር ሰው ትልቁ ክብር አንድ እውነተኛ ነገር በዝርዝር መንገር ነው፤ ማንን መቼ ከየትኛው ችግር እንዳወጣ፣ ተረጂው የማይፈልግ ከሆነም ስሙን ደብቆ።

እድር እዚህ ላይ ነገሩን ቀላል ያደርገዋል። ባለ ሱቁም የቀን ሠራተኛውም ያንኑ ወርኃዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ሲሞቱም ያው ድንኳን ይተከልላቸዋል፤ ባልንጀሮቻቸው በእኩል ግዴታ ይቀብሯቸዋል። ሀብታሙ በዚያ ድንኳን ሥር እንደ አንድ አባል ይሸኛል። የሚለየው ነገር ካለ ከቀብር በኋላ የሚታየው ነው።

ከቀብር በኋላ ደግሞ ቅደም ተከተሉ የተቆረጠ ነው። በእስልምና ሕግ ከውርስ በፊት የቀብር ወጪ፣ ቀጥሎ የሟቹ ዕዳ፣ ከዚያም ከሀብቱ ሢሶ የማያልፍ ኑዛዜ ይፈጸማል፤ ወራሾች የሚካፈሉት የተረፈውን ነው። የ1952ቱ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም የቀብር ወጪና የሟች ዕዳ ከኑዛዜ ስጦታ በፊት እንዲከፈል ያዛል። ጦቢትም ለልጁ የሠራተኛን ደመወዝ እንዳያሳድር ያዘዘው በሕይወት ሳለ ነው። ስለዚህ የቸር ነጋዴ ቤተሰብ ዳስ ከመጣሉ በፊት የሱቁን ደብተር ይክፈት፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ይክፈል፤ ሰው የሰጠው አደራ ካለ ይመልስ፤ ሊከፍል ለማይችል ባለዕዳም በሟቹ ስም ይተውለት። ተዝካሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።